ከተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ አይጎዳምን?
ስለ ቤት እንስሳት አማራጭ ሕክምና ለእኅቶቻችን የቀረበ ማብራሪያ



በአገራችን ውሻ ግቢ ይጠብቃል፣ ድመትም አይጥ ትይዛለች፤ ሁለቱም ከእኛ የሚጠብቁት የተረፈ ምግብና ማደሪያ ብቻ ነው። አሁን በምትሠሩባቸው በብዙዎቹ ቤቶች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ድመቷ ከቤተሰቡ ጋር ሶፋ ላይ ትተኛለች፤ ውሻውም የራሱ አልጋ፣ የራሱ ሻምፖና የራሱ ሐኪም አለው። እንስሳውን ማብላት፣ ማጠብ፣ የድመቷን አሸዋ መለወጥና መድኃኒት መስጠትም አብዛኛውን ጊዜ የቤት ሠራተኛዋ ድርሻ ሆኖ ይገኛል።

እንስሳው ሲታመም ደግሞ ሁሉም ሰው ወዲያው ወደ ሐኪም አይሄድም። ሕክምናው ውድ ነው፣ ወይም ማዳም ጊዜ የላትም፣ ወይም ከስልኳ ላይ አንድ ነገር አንብባለች። ስለዚህ «ይህ የተፈጥሮ መድኃኒት ነው፤ ጠዋትና ማታ ስጫት» ብላ ነጭ ሽንኩርት ወይም በትንሽ ጠርሙስ ያለ ዘይት ታቀብላለች። እንስሳው ቢድን ምስጋናው ለመድኃኒቱ ነው፤ ቢሞት ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን አበላሻት?» የሚል ይሆናል። በመሆኑም ከእነዚህ ሕክምናዎች የትኛው እንደሚጠቅም፣ የትኛው ምንም እንደማያደርግ፣ የትኛውስ እንደሚገድል ማወቁ ለእንስሳውም ለእናንተም ጥበቃ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

፩. «ሁለንተናዊ» እና «አማራጭ» ሕክምና ሲባል ምን ማለት ነው?

ሁለንተናዊ ሕክምና የሚባለው የታመመውን አካል ብቻ ሳይሆን የእንስሳውን አኗኗር በሙሉ የሚመለከት ነው። ምን ይበላል? ይንቀሳቀሳል ወይስ ቀኑን ሙሉ ይታሰራል? የሚያስፈራው ነገር አለ? እነዚህ መልካም ጥያቄዎች ናቸው፤ ማንኛውም ጥሩ የእንስሳት ሐኪምም ይጠይቃቸዋል። በአሜሪካ በዚህ መንገድ የሚያክሙ የእንስሳት ሐኪሞች በ1982 የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመዋል።

ሆኖም ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ከሐኪሙ ሕክምና ጎን ለጎን የሚሰጥ ከሆነ ተጓዳኝ ሕክምና ይባላል። ሐኪሙን ትቶ በእርሱ ቦታ የሚሰጥ ከሆነ ግን አማራጭ ይሆናል። አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ከዚህ ከሁለተኛው ነው። ዘይቱ ወይም ቅጠሉ ባይጎዳ እንኳ፣ እርሱ ይሠራል ተብሎ ሲጠበቅ በሽታው ጊዜ ያገኛል።

፪. በመርፌ፣ በማሸትና በውኃ የሚሰጥ ሕክምና

አኩፓንክቸር ከቻይና የመጣ፣ በጣም ቀጫጭን መርፌዎችን በተወሰኑ የገላ ቦታዎች ላይ በመትከል የሚሰጥ ሕክምና ነው። ለእንስሳት የሚሠሩበት ሐኪሞች በ1974 ዓለም አቀፍ ማኅበር መሥርተዋል። በተለይ ለመገጣጠሚያና ለወገብ ሕመም ይጠቀሙበታል። ሕመም በማስታገስ ረገድ የሚደግፉት አንዳንድ ጥናቶች አሉ፤ ይሁን እንጂ ማስረጃው ጠንካራ ነው ለማለት አይቻልም። በሠለጠነ የእንስሳት ሐኪም እጅ ሲሠራ ጉዳቱ ጥቂት ነው።

ከዚህ የበለጠ ተቀባይነት ያለው የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ነው። እግሩ የተቀደደ ጅማት ኖሮት በቀዶ ጥገና የተጠገነለት ውሻ ውኃ በተሞላ ሣጥን ውስጥ በሚዞር ምንጣፍ ላይ እንዲራመድ ይደረጋል። ውኃው ክብደቱን ስለሚሸከምለት ጡንቻው ሳይጎዳ ይጠነክራል። ሐኪሙ ያሳያችሁን የማሸት ወይም እግር የማጠፍና የመዘርጋት እንቅስቃሴ በቤት ብትሠሩለት ይጠቅመዋል። ያላሳያችሁን ግን አትሞክሩ፤ አጥንቱ ተሰብሮ ሊሆን ይችላልና።

፫. ሆሚዮፓቲ

ይህ በትናንሽ ነጫጭ ስኳር መሰል እንክብሎች ወይም በጠብታ የሚሰጥ ነው። የጀመረው ሳሙኤል ሃነማን የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን ሐሳቡን በጽሑፍ ያወጣው በ1796 ነው። ጤነኛውን የሚያሳምም ነገር፣ እጅግ ከቀጠነ፣ የታመመውን ያድናል የሚል እምነት ነው።

አቀጣጠኑን እንመልከት። አንዱን ጠብታ መድኃኒት በ99 ጠብታ ውኃ ወይም አልኮል ያቀጥኑታል፤ ከዚያም አንዱን ጠብታ ወስደው እንደገና በ99 ያቀጥኑታል። ጠርሙሱ ላይ «30» የሚል ቁጥር ከ«ሲ» ፊደል ጋር ካያችሁ ይህ 30 ጊዜ ተደርጓል ማለት ነው። ነገር ግን ከ12ኛው ጊዜ በኋላ ከመጀመሪያው መድኃኒት አንዲት ቅንጣት እንኳ የመቅረቷ ዕድል የመነመነ ነው። የብሪታንያ የእንስሳት ሐኪሞችን የሚቆጣጠረው ንጉሣዊ ኮሌጅ በ2017 ባወጣው መግለጫ፣ ሆሚዮፓቲ ተቀባይነት ያለው ማስረጃ እንደሌለውና ማስረጃ ያለውን ሕክምና ሊተካ እንደማይገባ አስታውቋል።

እንክብሉ ራሱ ብዙውን ጊዜ አይመርዝም። አደጋው «ኖሶድ» የሚባለውን የሆሚዮፓቲ ጠብታ በክትባት ፋንታ መስጠት ነው። ኖሶድ ውሻን ከእብድ ውሻ በሽታ አያድንም። ያልተከተበ ውሻ የሚነክሰው ደግሞ አብሮት የሚውለውን ሰው፣ ማለትም እናንተን ነው።

፬. ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር

ዕፀዋትን መናቅ ተገቢ አይደለም። ብዙ የዘመናዊ ሕክምና መድኃኒቶች ከዕፀዋት የተገኙ ናቸው። ለእኛ ቅርብ የሆነውን ምሳሌ ብናነሣ፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ፤ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥም የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፍ ስለሆነ ነገሩን ለዓመታት መረመሩ። እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚህ ሥራ በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የእናቶቻችን ዕውቀት ከንቱ አይደለም። ሁለተኛ፣ ያው ልብስ የሚያጠራው እንዶድ ቢጠጣ መርዝ ነው። ዕፅ ኃይል ካለው መጠኑና ተቀባዩ ይወስኑታል፤ ኃይል ከሌለው ደግሞ መድኃኒት አይደለም።

ለቤት እንስሳት በብዛት የሚታዘዘው ነጭ ሽንኩርት ነው፤ «ትልና ቁንጫ ያባርራል» ይባላል። ነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርትና የእነርሱ ዱቄት ሁሉ በውሻና በድመት ውስጥ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳሉ። ለድመት በኪሎ 5 ግራም ቀይ ሽንኩርት ሊመርዝ ይችላል፤ ይህም ለአራት ኪሎ ድመት 20 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ትንሽ ሽንኩርት ያነሰ ነው። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ማብሰሉ መርዙን አያጠፋውም። ስለዚህ ወጥ፣ ሽሮ ወይም ሽንኩርት የገባበት የማዳም ምግብ አትስጧቸው።

የሚያታልለው ነገር ምልክቱ በዕለቱ አለመታየቱ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ እንስሳው ይደክማል፣ ድዱ ይነጣል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ሽንቱም ወደ ቡናማ ቀይ ይለወጣል። በዚያን ጊዜ ሽንኩርቱን የሚያስታውሰው ሰው የለም።

፭. የሽታ ዘይቶች

ከዕፀዋት ተጨምቀው በትናንሽ ጠርሙስ የሚሸጡ ጠንካራ ሽታ ያላቸው ዘይቶች አሉ፤ የባሕር ዛፍ፣ የናና፣ የሎሚ፣ የቅርንፉድ፣ እንዲሁም «ቲ ትሪ» የሚባለው የአውስትራልያ ዛፍ ዘይት። ለቁንጫ፣ ለሚያሳክክ ቆዳና ለመልካም መዓዛ ይጠቀሙባቸዋል።

ድመት ግን ከሰውም ከውሻም የተለየች ናት። ጉበቷ እንዲህ ያሉትን ነገሮች አጣርቶ ለማስወገድ የሚያስፈልገው ኃይል ጎድሎታል። በዚያም ላይ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» እንደሚባለው፣ ጠጉሯ ላይ የተቀባውን ሁሉ ልሳ ትውጠዋለች። በአሜሪካ ከ2002 እስከ 2012 ባለው ጊዜ ያልተቀጠነ የቲ ትሪ ዘይት የመረዛቸው 443 ውሾችና ድመቶች ተመዝግበው ጥናቱ በ2014 ታትሟል። አብዛኞቹ ዘይቱ በስሕተት የፈሰሰባቸው ሳይሆኑ ይድናሉ ተብሎ ሆን ተብሎ የተቀቡ ነበሩ። ምልክቱ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፤ ለሐጭ ይበዛል፣ እንስሳው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል።

ዘይት ከተቀባ ወይም ከፈሰሰበት ጓንት አድርጉና ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠቡት፤ አድርቁትና ወዲያው ሐኪም ይጠራ። እንዲያስመልሰው ብላችሁ ጨው ወይም ሌላ ነገር አታጠጡት። ዘይቱን በኤሌክትሪክ የሚያተን ዕቃ ቤት ውስጥ ካለም ድመቷ የምትወጣበት ክፍት በር ይኑራት። በቀቀንና ሌሎች ወፎች ሳንባቸው ስስ ስለሆነ የሽታ ዘይት፣ የቡኹር ጢስና የጋለ የማይዝ መጥበሻ ጭስ ይጎዳቸዋል፤ ባዶውን እሳት ላይ የተረሳ እንዲህ ያለ መጥበሻ ወፍ ሊገድል ይችላል።

አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ከሐሺሽ ተክል የሚወጣና «ሲቢዲ» የሚባል ዘይት ለእንስሳት ሕመም ማስታገሻ ተብሎ በአውሮፓና በአሜሪካ ይሸጣል። በብዙ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን ከዚህ ተክል የሚገኝ ነገር በሕግ ክፉኛ ያስቀጣል። እንዲህ ያለ ዕቃ በስማችሁ እንዲላክ ወይም በሻንጣችሁ እንዲገባ ፈጽሞ አትፍቀዱ።

፮. ጥሬ ሥጋ መመገብ

ኢያን ቢሊንግኸርስት የተባለ አውስትራልያዊ የእንስሳት ሐኪም በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ ውሾች ጥሬ ሥጋና አጥንት ይመገቡ ብሎ ካስተማረ ወዲህ ልማዱ ተስፋፍቷል። ሥጋውን የምትቆርጠው፣ ሳሕኑንም የምታጥበው ግን ሠራተኛዋ ስለሆነች ይህ በቀጥታ እናንተን ይመለከታል። ጥሬ ሥጋ ሳልሞኔላ የሚባለውንና ሌሎች ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጡ ተሐዋስያንን ሊይዝ ይችላል። ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጡ ሁሉንም አይገድላቸውም። በታኅሣሥ 2024 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት የቀዘቀዘ ጥሬ የተርኪ ሥጋ የተመገበች የቤት ድመት በወፍ ጉንፋን ሞታለች።

ቤቱ ጥሬ የሚመግብ ከሆነ ለብቻው የተለየ ቢላዋና መክተፊያ ይኑራችሁ፤ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ የተረፈውን ወዲያው አንሡ። የተቀቀለ አጥንት ግን ተሰንጥቆ አንጀት ስለሚወጋ በማንኛውም ቤት መሰጠት የለበትም።

፯. የሚጠቅሙስ አሉን?

አዎ፣ አሉ። ለሕክምና የተዘጋጀ ንጹሕ ማር ቁስልን እርጥብ አድርጎ ተሐዋስያንን ስለሚገድል የእንስሳት ሐኪሞችም ቁስል ላይ ይጠቀሙበታል፤ እንዳይልሰው ግን በፋሻ ይሸፈናል። የዓሣ ዘይት መገጣጠሚያው ለታመመ ውሻ እንደሚረዳ ጥናቶች ያሳያሉ፤ መጠኑን ሐኪሙ ይናገራል። ጨውና ሽንኩርት የሌለበት የተቀቀለ ዱባ ቀላል የሆድ ድርቀት ላለበት ውሻ ይሰጣል። ፊቷ ጠፍጣፋ የሆነውና እዚህ «ሺራዚ» የሚሏት ድመት ዓይኗ ሁልጊዜ ስለሚያነባ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በየቀኑ ማበስ ይጠቅማታል። ዓይኗን ከጨፈነች ወይም ዓይኑ ከደፈረሰ ግን ቁስል ሊሆን ስለሚችል ሻይም ሆነ የሰው የዓይን ጠብታ አይግባበት፤ ሐኪም ይየው።

፰. ታዲያ ለምን «ሠራልኝ» ይላሉ?

ብዙ ሕመም በራሱ ጊዜ ይሻለዋል። ተቅማጥ በሦስት ቀን ቢቆም ምስጋናው በሁለተኛው ቀን ለተሰጠው ቅጠል ይሆናል። ከዚህም ሌላ የሚወድ ዓይን መልካሙን ማየት ይፈልጋል። በ2012 በታተመ ጥናት 58 የሚያነክሱ ውሾች መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ተሰጥቷቸው ርምጃቸው በመሣሪያ ተለካ። መሣሪያው መሻሻል ሳያሳይ ከግማሽ በላይ በሆነው ጊዜ ባለቤቶቹ ውሻቸው እንደተሻለው ተናገሩ። የሐኪሞቹም ዓይን ቢሆን ጥቂት አልተሳሳተም። ባለቤቶቹ አልዋሹም፤ እንስሳው ግን እያመመው ነበር።

፱. የሰው መድኃኒት ለእንስሳ

«ቅጠሉ ካልሠራ ፓናዶል እንስጣት» የሚል ሐሳብ ሲመጣ አቁሙ። አንድ ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ድመትን ሊገድል ይችላል። ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ኢቡፕሮፌንም ለውሻም ለድመትም አደገኛ ነው። ለውሻ የተሠራ ፐርሜትሪን ያለበት የቁንጫ መድኃኒት ድመት ላይ ቢፈስ ያንቀጠቅጣታል፣ ይጥላታልም። ሊሊ የሚባለው አበባ ቤት ውስጥ ካለም ቅጠሉ፣ ብናኙና የአበባ ማስቀመጫው ውኃ እንኳ የድመትን ኩላሊት ያጠፋል። ዘቢብ፣ ወይንና ቸኮሌት ለውሻ አይሰጥም።

፲. ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

የሚከተሉትን ካያችሁ ምንም ዓይነት የቤት መድኃኒት ሳትሞክሩ አሠሪያችሁን በቶሎ አሳውቁ፦

— ወንድ ድመት አሸዋው ላይ ደጋግሞ እየተቀመጠ ሽንት ካልወጣው። ቧንቧው ተዘግቷል ማለት ነው፤ በሁለት ሦስት ቀን ይገድላል። የተፈላ ባቅዱኒስ ማጠጣት ጊዜ ማጥፋት ነው።
— ድመት አፏን ከፍታ ከተነፈሰች።
— ድመት ከአንድ ቀን በላይ ምንም ካልበላች፤ ጉበቷ ይጎዳል።
— ድዱ ከነጣ፣ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ከሆነ።
— ከተንቀጠቀጠ፣ ከወደቀ ወይም ሆዱ በድንገት ከተነፋ።
— በሙቀት ውሎ ካለከለከና ከተዝለፈለፈ። ወደ ጥላ አምጥታችሁ ገላውን በቀዝቃዛ ውኃ አርሱት፤ ማራገቢያም ክፈቱለት፤ ከዚያ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

፲፩. ማዳም «ስጪ» ስትል ምን እናድርግ?

«እምቢ» ማለት ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። ቢሆንም በትሕትና መጠየቅ ይቻላል። የእንስሳት ሐኪም በዓረብኛ «ጠቢብ በይጠሪ» ይባላል። «አል-ቂጣ መሪዳ፣ ላዚም ዶክተር» ማለት «ድመቷ ታማለች፣ ሐኪም ያስፈልጋታል» ማለት ነው፤ ለውሻ ከሆነ «አል-ከልብ መሪድ» በሉ። «ማ ታኩል» አትበላም ማለት ነው። ብዙ ማዳሞች እንስሳቸውን ከልብ ስለሚወዱ «ይህ ለድመት መርዝ ነው ይባላል፤ ሐኪሙን በስልክ እንጠይቀው?» ብትሏቸው አይቆጡም።

አሁንም ስጪ ከተባላችሁ ጠርሙሱን ወይም ካርቶኑን አትጣሉ፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ምን፣ ስንት፣ በስንት ሰዓት እንደተሰጠና ማን እንዳዘዘ በወረቀት ጻፉ። ትእዛዙ በስልክ መልእክት ከመጣ አትሰርዙት። ይህ ማስታወሻ ሐኪሙ እንስሳውን እንዲያድን ይረዳዋል፤ ነገር ከተነሣም እውነቱን ይናገርላችኋል። በራሳችሁ ሐሳብ ግን፣ ለመልካም ብላችሁም ቢሆን፣ ምንም መድኃኒት አትስጡ።

፲፪. የራሳችሁን ጤና ጠብቁ

የታመመ እንስሳ የለመደውን ሰው እንኳ ይነክሳል። መድኃኒት በግድ ስታጠጡ ከነከሳችሁ ወይም ከቧጨራችሁ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፤ በዚያው ቀንም ሐኪም ቤት ሂዱ። በቁስሉ ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ ቡና ወይም ቅጠል አታድርጉ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ ክትባቱ ግን ምልክቱ ሳይታይ በጊዜ ከተወሰደ ያድናል። ስለዚህ «የቤት ውሻ ነው፤ ምንም የለውም» ብትባሉም የክትባት ደብተሩን ለማየት ጠይቁ። የድመት ንክሻም ጥልቅ ስለሚሆን በአንድ ሌሊት ሊያመረቅዝ ይችላል። ነፍሰ ጡር የሆነች እኅት ደግሞ የድመት አሸዋ ባትነካ ይመረጣል፤ ግድ ከሆነባት በየቀኑ በጓንት ትለውጠው፤ እጇንም ትታጠብ። በሽታውን የሚያመጣው ተሐዋሲ ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ስለሚፈጅበት በየቀኑ መለወጡ ይጠብቃታል።

ይህ ጽሑፍ የእንስሳት ሐኪምን አይተካም። «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው ያገራችን አባባል ግን ለእንስሳትም ይሠራል፤ ክትባቱ በጊዜው ከተሰጠ፣ ውኃው ንጹሕ ከሆነ፣ ምግቡም ከሽንኩርት ከተጠበቀ የጠርሙሱ ዘይት የሚፈለግበት ቀን ጥቂት ነው። አሥረኛውንና አሥራ አንደኛውን ክፍል ቆርጣችሁ የማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት፤ ጎረቤት ቤት ለምትሠራውና ማንበብ ለማትችለው እኅትም አንብቡላት።